ባዶውን ሁሉም አምስት ቮልት ነው

ጥቅምት 3

ለእህቴ ልጅ ለኮረንቲ
ጉዳዩ፦ የላክሽው ማሽን ስለማኩረፉ

በቅድሚያ ይህ ወረቀት እጅሽ ሲገባ ጉልበትሽ ሙሉ፣ ሥራሽ የቀና፣ ፊትሽም የማይጠቁር ሆኖ ያግኝሽ። እኛ ደህና ነን። እናትሽ ደህና ናት፣ እኔም ደህና ነኝ፤ ጆሮዬ ብቻ እንደምታውቂው ሥራ ለቋል።

ያለ «ጉዳዩ» ደብዳቤ መጀመር አልችልምና ታገሺኝ። ሠላሳ ስምንት ዓመት ፍርድ ቤት በር ላይ ተቀምጬ የሰው ማመልከቻ ስጽፍ ኖሬ፣ የገዛ ቤቴ ጉዳይ ሲመጣ በሌላ መልክ አይወጣልኝም።

ጉዳዩ ይህ ነው። መድኃኒቱን ወደ ጭጋግ ለውጦ የሚያስተነፍሰውን ማሽን እናትሽ በቀን አራት ጊዜ፣ ግማሽ ግማሽ ሰዓት ትስበዋለች። ችግሩ፣ ማሽኑ መሀል ላይ ይጠፋል። አረንጓዴዋ መብራት ድርግም ትላለች፣ ጭጋጉ ይቆማል፣ እናትሽም ጭንብሉን ፊቷ ላይ እንዳደረገች እኔን ትመለከታለች። እኔ ደግሞ ማሽኑ ዝም ማለቱን አልሰማም፤ ለእኔ ሲሠራም ዝም ነው። ስለዚህ መላ አገኘች። ሲጠፋ ነጠላ ጫማዋን ትወረውርብኛለች። ኢላማዋ ከቀን ወደ ቀን እየተሻሻለ ስለሆነ የጤና ምልክት አድርጌ ወስጄዋለሁ።

ክፍሉን ታውቂዋለሽ፤ ከሱቄ ጀርባ ያለው፣ አንድ ሶኬት ብቻ የተፈቀደለት። እዚያው ላይ በቻርጀር ራስ አድርጌ አንቺ የላክሽልንን ባለ አራት አፍ የዩኤስቢ ማከፋፈያ ሰክቻለሁ። አንደኛው አፍ ላይ ማሽኑ፣ ሁለተኛው ላይ ትንሿ ማራገቢያ፣ ሦስተኛው ላይ የራስጌ መብራቷ አለ። አራተኛው ክፍት ነው፤ አልፎ አልፎ እንገለገልበታለን።

በስልክ እንዳንነጋገር ሐኪሟ ከልክሏል። የመጨረሻውን ጥሪ ታስታውሺዋለሽ፤ አንቺ ስታለቅሺ እሷ ስትስል አሥራ አንድ ደቂቃ አለቀ። እኔም ስልክ ላይ የምሰማው የዝንብ ድምፅ ነው። ስለዚህ ወረቀት።

እንዲህ ላለው ነገር ደሞዝ የሚከፈልሽ አንቺ ነሽና፣ ማሽኑ ምን ሆኖ እንደሆነ አስረጂኝ።

አጎትሽ
ግልባጭ፦ ለእናትሽ (ተነቦላታል፤ የነጠላ ጫማው ነገር ይውጣ ብላ ነበር፣ አላወጣሁም)


ጥቅምት 20

ለጋሼ

የዓይንዎ ብርሃን፣ የጣትዎ ቅልጥፍና አይጉደልብዎ፤ ለእማዬም ትንፋሽ ይብዛላት። እኔ ደህና ነኝ።

ስለ ሥራዬ ጠይቀውኝ አያውቁም፤ አሁን ግን ሊያውቁት ግድ ሆነ። የምሠራበት ክፍል መስኮት የለውም። ረጅም ጠረጴዛ አለ፣ ጠረጴዛው ላይ በየቀኑ ሌላ ዕቃ ይደረደራል፤ እኔ ቀኑን ሙሉ የኮምፒውተር መሰኪያ አፎችንና ማከፋፈያዎችን እፈትናለሁ። አፉ ላይ ጭነት እሰካለሁ፣ ቮልቴጁ ስንት እንደወረደ አነባለሁ፣ እጽፋለሁ፣ ወደሚቀጥለው እሄዳለሁ። ጭነት የምንለው ምንም ነገር የማይሠራ ዕቃ ነው፤ ኤሌክትሪክ ይበላል፣ ይሞቃል፣ በቃ። አለቃዬ እኛንም በዚሁ መዝገብ ሳይጽፈን አይቀርም።

የሥራው ሕግ አንድ ነው። ባዶውን ሁሉም አምስት ቮልት ነው፤ ጥሩውም መጥፎውም። የሚለየው ሲሰካበት ነው። ጭነት ተሸክሞ ከአራት ነጥብ ሰባ አምስት በታች ከወረደ ወድቋል ማለት ነው፤ የተሰካበት ዕቃም አቅም ያንሰውና ይጠፋል። የእማዬ ማሽን የሚጠፋው በዚህ ይመስለኛል።

ከደብዳቤው ጋር አውራ ጣት የምታክል መለኪያ ልኬያለሁ። ከአፉና ከገመዱ መሀል ትገባለች፤ ላይኛው ቁጥር ቮልት ነው፣ ታችኛው ማሽኑ የሚበላው አምፔር። የገመዱን ቅጥነት፣ የግድግዳው ሶኬት መላላቱን፣ የማሽኑን መሰኪያ መቆሸሽ፣ በዚሁ ቅደም ተከተል ይዩልኝ።

አሁን ስለ እማዬ። ባንድ ደብዳቤ ውስጥ «ደህና» የሚለውን ሦስት ጊዜ ጽፈውልኛል፤ አንዱ እንኳ አልደገፈኝም። የመኖሪያ ወረቀቴ ፋይል ገና በሂደት ላይ ነው። ከዚህ ከወጣሁ ይዘጋል፤ ስድስት ዓመትም አብሮት ይዘጋል። ግን መምጣት ካለብኝ እመጣለሁ። ይወስኑልኝ አላልኩም፤ እውነቱን ይንገሩኝ ነው ያልኩት። «ደህና ናት» አይበሉኝ።

ልጅዎ


ኅዳር 9

ለእህቴ ልጅ ለኮረንቲ
ጉዳዩ፦ የምርመራ ውጤት ስለማሳወቅ

ሰላምታዬ ከደጅሽ እስከ ጓዳሽ ይድረስ፤ ክፉ ነገር አድራሻሽን ይሳተው።

መለኪያዋ ደርሳለች። ሥራውን በሥርዓቱ ለማካሄድ በመጀመሪያ ማከፋፈያው ላይ የነበረውን ሁሉ ነቀልኩ፤ እንግዳ ሲመጣ ቤት እንደሚጸዳው ማለት ነው። ከዚያ አራቱንም አፎች በየተራ ለካሁ። አንደኛው 5.11፣ ሁለተኛው 5.10፣ ሦስተኛውና አራተኛው 5.11። ሁሉም ከሚጠበቅባቸው በላይ ናቸው። በሕይወቴ እንዲህ ያለ ሐቀኛ መሥሪያ ቤት አላየሁም።

ሶኬቱንም አጠበቅኩ፣ መሰኪያውንም በአልኮል ጠረግኩ። ከዚያ ሁሉንም መልሼ ሰካኋቸው። ማሽኑ በአሥራ ሁለተኛው ደቂቃ ጠፋ፤ ነጠላ ጫማውም ግራ ትከሻዬን አገኘኝ። ከዚህ ተነሥቼ ጥፋቱ የማከፋፈያው ሳይሆን የማሽኑ ነው፣ ማሽኑ በተፈጥሮው ሰነፍ ነው ብዬ ደምድሜያለሁ።

«ደህና ናት» አይበሉኝ ባልሽው መሠረት፦ እናትሽ አለች። ከአልጋዋ እስከ በሩ አሥራ አንድ እርምጃ ነው፤ በፊት አንድ ትንፋሽ ነበር፣ አሁን ሰባተኛው ላይ ወንበር አድርጌላታለሁ። ወንበሩ ለእኔ መስሏት «አንተም እኮ አርጅተሃል» አለችኝ። አላረምኳትም።

ስለ መምጣትሽ የጻፍሽውን አነበብኩላት። መልስ የሰጠችው ስለ ሌላ ነገር ነው፤ በደንብ ትብላ በላት አለችኝ።

አጎትሽ
ግልባጭ፦ ለእናትሽ (ተነቦላታል፤ ስለ ወንበሩ ያለው መስመር ታልፏል)


ኅዳር 22

ለጋሼ

ሰላምና ጤና ከደጃችሁ አይራቅ። እኔ ደህና ነኝ፤ እየበላሁም ነው ይበሏት።

ጋሼ፣ ያደረጉት ነገር አመልካቹን ከችሎት አስወጥቶ መፍረድ ነው። ሁሉንም ነቅለው ከለኩማ ማን ይውደቅ? ባዶውን ሁሉም አምስት ቮልት ነው ብዬ ጽፌ አልነበር? እንደገና እንጀምር።

ማሽኑን ሰክተው ያስነሡት። መለኪያዋን መሀል ያስገቡ። ሲነሣ ይጻፉ፣ በአሥረኛው ደቂቃ ይጻፉ፣ በሠላሳኛው ደቂቃ ይጻፉ። ሠላሳ ደቂቃ ያልኩት በምክንያት ነው፤ ብዙው ነገር መጀመሪያ ላይ ይሸከማል፣ የሚዝለው ሲሞቅ ነው። እዚያው ይቀመጡ፣ ትተው አይሂዱ። ከዚያ መብራቱን ይጨምሩ፣ ማራገቢያውን ይጨምሩ፣ ይጻፉ።

አንድ ሌላም አለ። አዲስ ዕቃ ሲሰካ ጎረቤቱ አፍ ለአንድ ብልጭታ ይደነግጣል፤ ቮልቴጁ ዝቅ ብሎ ይመለሳል። እኛ ጋ የሚፈቀደው ድንጋጤ 330 ሚሊቮልት ነው፤ ከዚያ ካለፈ ጎረቤቱ ላይ ያለው ዕቃ ሊጠፋ ይችላል። በአራተኛው አፍ «አልፎ አልፎ እንገለገላለን» ያሉት ምንድን ነው? እሱን ሲሰኩ ዓይንዎን ከማሽኑ መብራት አይንቀሉ።

ስለ እኔ የሚጻፍ ብዙም የለ። አለቃዬን ማኅተም ነው የምንለው፤ ከማኅተም ውጭ ምንም ስለማያወጣ። በዚህ ወር ጥሩ ሠራተኛ ብሎ ስሜን ግድግዳ ላይ ለጥፎታል። ሳልፍ ሳገድም ላለማየት እሞክራለሁ።

ወንበሩ ስንተኛው እርምጃ ላይ እንደደረሰ ይጻፉልኝ።

ልጅዎ


ታኅሣሥ 12

ለእህቴ ልጅ ለኮረንቲ
ጉዳዩ፦ ጥፋተኛው ስለመገኘቱ

በያለሽበት በጎ ይግጠምሽ፤ ልብሽ አይሸበር።

እንደ ትእዛዝሽ ሠርቻለሁ። ማሽኑ ብቻውን ሲነሣ 4.83፣ በአሥረኛው ደቂቃ 4.80፣ በሠላሳኛው 4.78። መብራቱ ሲጨመር 4.74፣ ማራገቢያው ሲጨመር 4.61። ሐቀኛው መሥሪያ ቤት ባለጉዳይ ሲገባበት እንደማንኛውም መሥሪያ ቤት ሆነ።

አሁን ስለ አራተኛው አፍ። በእሱ የምገለገለው እኔ ነኝ። ከምሳ በኋላ ስልኬን ቻርጅ የማደርገው እዚያ ላይ ነው። እናትሽ ጭንብሉን አድርጋ እንደተቀመጠች ስልኬን ሰካሁ፣ ቁጥሩ 4.2 ብሎ ተመለሰ፣ አረንጓዴዋ መብራት ጠፋች። ነቅዬ ደግሜ ሰካሁ፣ ደግማ ጠፋች። ለሦስት ወር እህቴን ትንፋሽ ስከለክል የኖርኩት እኔ ራሴ ነኝ፤ ለማልሰማበት ስልክ ብዬ።

ስነግራት ሳቀች። እስክትስል ሳቀች፣ ሳሉም እስኪመሽ አላቆመም፣ ግን መጀመሪያ ላይ ሳቅ ነበር። ስልኩን አሁን ፍርድ ቤቱ በር ላይ ካለችው የፎቶ ኮፒ ሠራተኛ ዘንድ ቻርጅ አደርገዋለሁ።

ስልኬ ከተባረረ በኋላም ግን ይጠፋል። ቁጥሩ 4.61 ነውና አልደነቀኝም። ስለዚህ እንዲላክልን የምንጠይቀው፦ ወፍራም አጭር ገመድ፤ ሌላ ማከፋፈያ፤ ከተቻለም ያንቺ ፎቶ። ከዚህ በፊት የላክሽው ከሩቅ የተነሣ ነው፣ ሕንፃው ነው የሚታየው ትላለች። ሕንፃ አልወለድኩም አለች።

ወንበሩ አራተኛው እርምጃ ላይ ነው። የምትተኛውም ቁጭ ብላ ነው፤ አልጋውን ግድግዳ አስደግፌላታለሁ። እሷ ግን ደህና ነኝ በላት ትላለች። እንግዲህ እኔ ጸሐፊ ነኝ፣ ባለጉዳይ ያለውን እጽፋለሁ።

አጎትሽ
ግልባጭ፦ ለእናትሽ (ተነቦላታል)


ታኅሣሥ 27

ለጋሼ

ፈጣሪ ይጠብቃችሁ። አጭር ነው የምጽፈው፤ ፖስታው ሊዘጋ ነው።

ማከፋፈያውን ዛሬውኑ ይንቀሉት። ይህን እንዳነበቡ፣ ደብዳቤውን ከማጣጠፍዎ በፊት። ማሽኑን በቀጥታ በቻርጀሩ ራስ ላይ ይሰኩ፤ መብራቱም ማራገቢያውም ይቅሩባት። ሌላ ማከፋፈያና ወፍራም ገመድ በጥቅል እልካለሁ፣ እሱ ግን ይዘገያል። አዲሱ ሲደርስ የየአፉን ቁጥር በሰንጠረዥ ይላኩልኝ። የድሮውን ለማንም አይስጡት። ምክንያቱን ሌላ ጊዜ እጽፋለሁ።

ፎቶው በዚሁ ውስጥ አለ። ሕንፃ የለበትም።

ጋሼ፣ ቁጭ ብላ ነው የምትተኛው ካሉኝ ወዲህ ሥራ ላይ ቁጥር ይጠፋብኛል። አንድ ጥያቄ ብቻ ነው ያለኝ፣ አንድ ቃል ይበቃኛል። ልምጣ?

ልጅዎ


የካቲት 18

ለእህቴ ልጅ ለኮረንቲ
ጉዳዩ፦ ጥቅሉ ስለመድረሱ

ጤናሽ ይጠበቅ።

መልሴ በመዘግየቱ ይቅርታሽን እጠይቃለሁ። ጥቅሉ ደርሷል፤ ማከፋፈያውም ገመዱም ምንም ሳይጎድል ተረክቤያለሁ። ማከፋፈያው ከድሮው ይከብዳል። ባዘዝሽው መሠረት መለኪያዋን በየአፉ እያዘዋወርኩ የሚከተለውን አግኝቻለሁ።

አፍ 1፣ ማሽን፦ 5.08 ቮልት፣ 0.00 አምፔር
አፍ 2፣ ማራገቢያ፦ 5.08 ቮልት፣ 0.00 አምፔር
አፍ 3፣ መብራት፦ 5.06 ቮልት፣ 0.19 አምፔር
አፍ 4፣ የእኔ ስልክ፦ 4.98 ቮልት፣ 0.88 አምፔር

ፎቶሽም ደርሷል፤ መብራቱ ሥር ቆሟል። የወረቀትሽ ጉዳይ ከምን ደረሰ? ከእኛ በኩል የሚያስፈልግ ነገር የለም፤ ምንም አትላኪ።

አጎትሽ


መጋቢት 3

ጋሼ

ሰላምታውን ዛሬ ልለፈው።

ደብዳቤዎን ደጋግሜ አነበብኩ። ቃላቱን ማለቴ አይደለም፣ በቃላት እርስዎ ባለሙያ ነዎት። ሰንጠረዡን ነው። አንደኛው አፍ ላይ ማሽኑ ተሰክቷል፣ የሚበላው ዜሮ ነው፣ ቮልቴጁም ንቅንቅ አላለም። ሰው የሚተነፍስበት አፍ ትንሽም ቢሆን ይወርዳል። ማራገቢያው ዜሮ ነው። ስልክዎ ተመልሶ አራተኛው አፍ ላይ ገብቷል። ከዚያ ግልባጩን ፈለግኩ፤ ወረቀቱን ገልብጬ ጀርባውንም አየሁ። «ልምጣ?» ላልኩትም መልስ የለም።

ቀኑን ብቻ ይንገሩኝ።

እርስዎ የሚጽፉት ያዩትን ብቻ ነው፤ ለዚህ ነው ያወቅኩት። እኔ ግን የዚያ ዓይነት ሰው አይደለሁም፣ እሱንም ልንገርዎ። ያቺ የመጀመሪያዋ ማከፋፈያ በእኔ እጅ የተፈተነች ናት። ጎረቤት አፍ ላይ ሲሰካ 410 ሚሊቮልት ወረደች፤ ልኩ 330 ነው። ለማኅተም አሳየሁት። «እስቲ ሌላ ጊዜ ደግመሽ ለኪው» አለኝ። ደግሜ ለካሁ፣ 410። «ደክሞሻል መሰለኝ፤ የመኖሪያ ፋይልሽ ላይ የድጋፍ ደብዳቤ የምጽፈው እኔ አይደለሁ?» አለኝ። በቁጣ አይደለም፣ ልክ የሻይ ስኳር እንደሚጠይቅ ሰው ነው ያለኝ። 328 ብዬ ጻፍኩ። ለምስጋና ለየሠራተኛው ሁለት ሁለት ማከፋፈያ ታደለን። አንዷን ለእማዬ ላክኩ። ክፍሉ ሰው አለው፣ በቂ ሶኬት የለውም ብዬ፣ በደስታ ላክኩ።

ማሽኑ ይጠፋል ብለው ሲጽፉልኝ ወዲያው ማከፋፈያዋ ትዝ አለችኝ። ገመዱን ይዩ፣ ሶኬቱን ይዩ፣ መሰኪያውን ይዩ አልኩዎት፤ እሷን አልጠራሁም። ከሁለት ወር በላይ አልጠራኋትም። ሌላ ጥፋተኛ እንዲያገኙልኝ ነበር የምጸልየው፤ እርስዎም ደግ ስለሆኑ ራስዎን አገኙልኝ።

የመኖሪያ ወረቀቴ የካቲት 26 ደረሰኝ። ለእማዬ ልጽፍ ቁጭ ብዬ ሳለ ነው የእርስዎ ደብዳቤ የመጣው።

ያቺ ማከፋፈያ እስከ ዛሬ ትሸጣለች።

ልጅዎ


መጋቢት 19

ለእህቴ ልጅ ለኮረንቲ
ጉዳዩ፦ ሳልጽፍ ስለቀረሁት

የሚያጽናና ያጽናሽ፤ ብቻሽን አይተውሽ።

ጥር 23፣ ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት። ቀብሯ በማግስቱ ሆነ። ፎቶ ኮፒ ሠራተኛዋ፣ የፍርድ ቤቱ ዘበኛና ሁለት የድሮ ባለጉዳዮቼ አልተለዩኝም።

«ልምጣ?» ያልሽበት ደብዳቤ የደረሰኝ ጥር 14 ነው። ደብዳቤውን ሳላጣጥፍ ማከፋፈያውን ነቀልኩ፤ ከዚያ አነበብኩላት። ፎቶሽን ተቀብላ ብዙ አየችው። ከዚያ በቀኝ ጆሮዬ በኩል ጎትታ እንዲህ አለችኝ፦ «ትምጣ ብለህ ከጻፍክ ትመጣለች። አትጻፍ።» ቢያንስ ያለሽበትን ሁኔታ ልጻፍላት አልኳት። «ወረቀቷ ይድረስ» አለች። ዘጠኝ ቀን ነበረን። ብጽፍልሽ ደብዳቤው አይደርስሽም ነበር፤ ፎቶ ኮፒ ሠራተኛዋን ስልክ ደውይልኝ ብላት ግን ትደውልልኝ ነበር። አላልኳትም። ከሄደች በኋላም ወር ያህል ልጽፍልሽ እያልኩ ጽሕፈት መኪናው ውስጥ ወረቀት አስገብቼ ወረቀት አወጣሁ። ሠላሳ ስምንት ዓመት በመጻፍ የኖርኩ ሰው፣ የሠራሁት ትልቁ ጥፋት ያልጻፍኩት ሆነ።

አሁን ስለ 328። ማጽናኛ መጻፍ ሙያዬ ስለሆነ ከእኔ ዘንድ ማጽናኛ ብታገኚ አታምኚኝም፤ ስለዚህ መዝገቡን ልስጥሽ። ማከፋፈያው ከተነቀለበት ከጥር 14 እስከ ጥር 23 ማሽኑ አንድም ጊዜ አልጠፋም። እናትሽ ያለፈችው ማሽኑ እየሠራ፣ ጭጋጉ እየወጣ ነው። ሐኪሙ ሳንባዋ አልቋል ብሏል፤ ይህን ያለው ገና በመስከረም ነበር፤ አንቺ ጋ አልደረሰም፣ እሱንም ያላደረስኩት እኔ ነኝ። ከዚያ በፊት ግን አርባ ሦስት ጊዜ ጠፍቷል። ነጠላ ጫማው በተወረወረ ቁጥር በማስታወሻዬ ጀርባ ጭረት አደርግ ነበር፤ ለቀልድ ነበር የጀመርኩት። ከአርባ ሦስቱ ስንቱ የስልኬ፣ ስንቱ ያንቺ እንደሆነ መለየት አልቻልኩም። እንካፈለው።

ያቺ ማከፋፈያ እየተሸጠች ከሆነ ሌላም ቤት ሌላ ሰው ተሰክቶባታል። ማመልከቻ አርቅቄ አያይዤልሻለሁ። «ለሚመለከተው ሁሉ» ይላል፤ 328 የተባለው 410 ተብሎ እንዲታረም ይጠይቃል፤ እዚህ የለካኋቸው ቁጥሮችም ተዘርዝረዋል። የፊርማሽ ቦታ ክፍት ነው። ወረቀትሽ ደርሷልና ብትፈርሚ የምታጪው ሥራሽን ብቻ ነው፤ «ብቻ» ያልኩት እኔ ነኝ፣ የምትከፍዪው አንቺ። ፈርሚም አትፈርሚም አልልሽም። ባንድ ዓመት ሁለት ጊዜ ለሰው መወሰን ይበዛብኛል።

በሰንጠረዡ ላይ ማሽኑ ዜሮ የሆነው ስላላስነሣሁት ነው። እጄ እምቢ አለኝ። ላላስነሣሁት ቁጥር መጻፍ ደግሞ አልችልም፤ ስለዚህ ያየሁትን ዜሮ ጻፍኩ፣ አንቺም አነበብሽው። ዛሬ ግን ሥራው ሳያልቅ መቅረት የለበትም ብዬ አስነሣሁት። አንደኛው አፍ ላይ ማሽኑን፣ በአዲሱ ገመድ። ማራገቢያውን። መብራቱን። ጭንብሉን ትራሷ ላይ አስቀመጥኩት፤ ሌላ የት እንደማደርገው አላወቅኩም። ሲነሣ 4.97። በአሥረኛው ደቂቃ 4.96፤ ያን ጊዜ ስልኬን ሰካሁ፣ አረንጓዴዋ መብራት ዓይኗን እንኳ አልጨፈነችም። ሠላሳ ደቂቃ ብለሻልና ሠላሳ ደቂቃ ተቀመጥኩ፣ ትቼ አልሄድኩም። ጭጋጉ ትራሱ ላይ ይወጣል፣ ይበተናል። ነጠላ ጫማዋ አልጋው ሥር ነው፣ ሁለቱም።

በሠላሳኛው ደቂቃ 4.95። አልጠፋም።

አጎትሽ
ግልባጭ፦ የለውም